ማዕተብ የሌለው አንገት

መርካቶ ውስጥ፣ ከዱባይ ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ተጎራብተው ቆመዋል። በዚያ የሚያልፍ ሰው ሃይማኖቱን ለማሳወቅ አፉን መክፈት አያስፈልገውም። ኦርቶዶክሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ ሲደርስ፣ ትከሻው ላይ ጭነት ቢኖርም፣ ገታ ብሎ ያማትባል፤ ጊዜ ካገኘም ተሳልሞ ያልፋል። ሙስሊሙ አዛን ሲሰማ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ ወደ ውዱእ ይሄዳል። ጴንጤው ግን በሁለቱ መካከል እንደ ማንኛውም መንገደኛ ያልፋል። አንገቱ ላይ ክር የለም፤ ግንባሩ መሬት ሲነካ አይታይም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ለብዙ ዘመን መልሱ ባላደረገው ነገር ነበር። ማዕተብ አላሰረም፣ ረቡዕና ዓርብን አልጾመም፣ ጠላና ጠጅ አልቀመሰም፣ ሲጋራ አላጨሰም፣ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ጫት ሲዘረጋ እጁን አልሰደደም። ከዚህ በመነሣት ብዙዎች ወንጌላዊ ክርስትናን የቃልና የልብ እምነት አድርገው ይቆጥሩታል፤ አካልን ለሌሎች ትቶ ያለፈ ነው ይሉታል። በወንጌላዊ ቤት ተወልደው ያደጉ ልጆችም ዛሬ ይህንኑ ሲያነሡ ይሰማል፦ መጽሐፍ ቅዱስ ማጥናት ተማርን፣ መዘመር ተማርን፣ በጉልበታችን፣ በሆዳችንና በእግራችን እግዚአብሔርን ማምለክ ግን ማን አስተማረን? ጥያቄው ተገቢ ነው። የወላጆቻቸውና የአያቶቻቸው ታሪክ ግን ከላይ እስከ ታች የአካል ታሪክ መሆኑን ያወቁት ጥቂቶች ናቸው።

በዚህ አገር የአካልና የእምነት ክርክር ሚሲዮናውያን ይዘውት የመጡት ነገር አይደለም። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ክርስቲያኖች የሥላሴን ስም በግንባራቸው፣ ሰይጣንን የካዱበትን ቃል ደግሞ በክንዳቸው ላይ እንዲጽፉ አዘዙ። በዚያው ዘመን የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ለንጉሡ አንሰግድም አሉ። መልሱም አካላቸው ላይ ወረደ፤ ተገረፉ፣ ምላሳቸውና አፍንጫቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የእነዚህን መነኮሳት ገድል ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ» በሚል ርእስ ካሳተሙት ወዲህ፣ ወንጌላውያን አንባቢዎች ታሪኩን እንደ ራሳቸው የዘር ሐረግ አድርገው ያነቡታል። ይህ አነባበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደቂቀ እስጢፋኖስ በጾምና በገዳም ሥርዓት እጅግ ጽኑ ነበሩ፤ አካላቸውን ለእግዚአብሔር በማስገዛት ከዘመናቸው ካህናት የሚልቁ እንጂ የሚያንሱ አልነበሩም። ጉልበታቸውን ለንጉሡ የነፈጉት ለአምላካቸው ስለሰጡት ነው።

ኦርቶዶክሳዊው ሥርዓት ለአካል የሰጠው ቦታ ሰፊ ነው። ሰባቱ አጽዋማት ከረቡዕና ዓርብ ጋር ሲደመሩ ለምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ለካህናትና ለመነኮሳት እስከ 250 ቀን ይደርሳሉ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ለመቁረብ 18 ሰዓት መጾም ያስፈልጋል። በሰሞነ ሕማማት ይሰገዳል፤ ወደ ቅዱሱ ስፍራ በባዶ እግር ይገባል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ ያን ጊዜም አንገት ላይ ማዕተብ ይታሰራል። ክሩ ልጁ ከሞተ የት እንደሚቀበር ጭምር የሚናገር ምልክት ነበር።

ለዚህ ነው ክሩን መፍታት ቀላል ነገር ያልነበረው። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ምጽዋ የገባው በ1858 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት በኤርትራ፣ በወለጋና በአዲስ አበባ የተነሡት ወንጌላውያን «ጸረ ማርያም» ተባሉ። ስድቡ ራሱ የሚቻል ነበር። የማይቻለው ቀብር ነበር። በብዙ ስፍራ ወንጌላዊ ሲሞት በደብሩ ቅጽር ውስጥ እንዳይቀበር ይከለከል ነበር። የሟች ቤተሰብ በዕድር ድንኳን ሥር ከጎረቤቱ ጋር የሚያለቅስበት፣ ጎረቤቱም አስከሬኑን በትከሻው የሚሸኝበት አገር ውስጥ መቃብር መከልከል ማለት የእድሜ ልክ ጉርብትናን መሻር ማለት ነው። የእምነት ለውጥ በጭንቅላት የሚደረግ የሐሳብ ልውውጥ ነው የሚል ሰው እዚህ ላይ ቢያስብ ይበጀዋል፤ እነዚያ ሰዎች የተጠየቁት ሬሳቸው የት እንደሚያርፍ ነበር።

ለሴቶች ደግሞ ለውጡ ሌላ መልክ ነበረው፤ ይህም በታሪክ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ በችኮላ ይታለፋል። በወር አበባ ወቅትና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከቤተ መቅደስ ትርቅ የነበረች ሴት፣ በወንጌላውያን አዳራሽ በማንኛውም ቀን ገብታ መጸለይ፣ እንጀራና ወይኑን መቀበል፣ በጉባኤ ፊት ቆማ ምስክርነት መስጠት፣ በመዘምራን መካከል ድምፅዋን ማሰማት ቻለች። ሰውነትዋ ከጸሎት የሚያግዳት መሆኑ ቀረ። ብዙ ሳይቆይ ግን ሌላ ሕግ ተተካ። በበርካታ አጥቢያዎች ሱሪ መልበስ፣ ፀጉር መቆረጥ፣ የጆሮ ጌጥ ማድረግ፣ ከንፈር መቀባት «ሥጋዊነት» ተባለ። ወንዱ ክራቫት አስሮ ሲመጣ ማንም አልጠየቀውም፤ ሴቲቱ ግን ከራስ ፀጉርዋ እስከ ቀሚስዋ ጫፍ ትለካ ጀመር። አንድ እጅ የሰጣትን ነጻነት ሌላው እጅ መልሶ ይቆጥርባት ነበር።

ደቡብ ላይ ታሪኩ በአለንጋ ተጽፏል። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ደረሱ። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ የቆያቸው ጉባኤ ወደ 10 ሺህ ይጠጋ ነበር። በመካከሉ የጸሎት ቤቶች ፈርሰዋል፤ መሪዎች ታስረዋል፤ ዋንዳሮ የተባለው መሪያቸው በሕዝብ ፊት ተገርፏል። የወላይታ አማኞች ይህን ታሪክ ለልጆቻቸው ሲነግሩ ስለ ስብከቱ ይዘት ብዙ አይሉም። የሚሉት ስለ ጀርባ ነው፤ ለታሰሩት ስንቅ ተሸክመው ስለሄዱት ሴቶች፣ ወደ ጋሞና ወደ ሌሎች የደቡብ ሕዝቦች ተራራ ወጥተው ቁልቁለት ወርደው በባዶ እግራቸው ስለተጓዙት ወንጌላውያን ነው።

መርካቶ ራሱ የተተከለው በዚያው የወረራ ዘመን ነው። ጣሊያን ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ለአገሬው ሰው ብቻ የሚሆን የገበያ ሰፈር ከለለ፤ ወራሪው ሲወጣ ገበያው ግን እዚያው ቀረ። ከጉራጌ፣ ከጋሞ፣ ከስልጤ፣ ከወላይታ፣ ከሸዋና ከየአገሩ ሰው ጎረፈበት። የሰው ጎርፍ ባለበት ደግሞ ሰባኪ አይጠፋም። በ1943 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያ የገቡት የፊንላንድ ጴንጤቆስጤ ሚሲዮናውያን በመርካቶም የስብከት ሥራ ነበራቸው፤ የስዊድን ጴንጤቆስጤ ሚሲዮናውያን ደግሞ ሐዋሳ ላይ ክረምት ክረምት ተማሪዎችን ይሰበስቡ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከሐዋሳ፣ ከናዝሬት፣ ከሐረር መምህራን ማሠልጠኛና ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተነሡ ወጣቶች ሚሲዮናውያኑ እንኳ ያልጠበቁትን ነገር ጀመሩ። ሌሊቱን ሙሉ ጸለዩ፣ ጾሙ፣ አነቡ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፣ በልሳን ተናገሩ፣ እጅ ጭነው ለሕሙማን ጸለዩ፣ በወንዝና በሐይቅ ሙሉ በሙሉ ጠልቀው ተጠመቁ።

ይህ ሁሉ የአካል ሥራ ነው። አባቶቻቸው ወጥተውበታል በተባለው በር የገቡ ይመስላል፤ ጾሙም፣ አዳሩም፣ መውደቅ መነሣቱም ከነሙሉ ኃይሉ ተመልሷል። ልዩነቱ የቀን መቁጠሪያው ነበር። ኦርቶዶክሱ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሥርዓት፣ ከሥጋና ከወተት ተከልክሎ ይጾማል። ጴንጤው ጌታ ሲያሳስበው ወይም ጉባኤው ሲያውጅ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ይውላል። የአንዱ ጾም አገር ያውቀዋል፤ የሌላው ጾም አብሮት የሚሠራ ሰው እንኳ ላያውቀው ይችላል። በዚህ ረገድ ጴንጤው ያጣው ነገር አለ። ሠፈር ሙሉ አብሮ ሲርበው፣ በፋሲካ ሌሊትም አብሮ ሲፈታ የሚገኘውን ደስታ ብቻውን የጾመ ሰው አያገኘውም። በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች በተዘጉበት ሰሞን የሥጋ ወጥ ሠርቶ የሚበላ ወንጌላዊ ቤተሰብ ነጻነቱን ያውቅ ነበር፤ ሽታው ለጎረቤት እንዳይደርስ መስኮት መዝጋቱንም ያውቅ ነበር።

ወጣቶቹ በ1959 ዓ.ም. «ሙሉ ወንጌል አማኞች» በሚል ስም ማኅበራቸውን አቋቁመው ለመመዝገብ አመለከቱ፤ መንግሥት ከለከለ። በ1964 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ ለአምልኮ በተሰበሰቡበት ፖሊስ ከበባቸውና ከሁለት መቶ በላይ ሰው በአንድ ቀን ታሰረ።

በዚያው በ1964 ዓ.ም.፣ ከእስሩ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሌላ የወንጌላውያን ቤት አንድ ደብዳቤ ተጽፎ ነበር። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ በጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው፣ በአማኑኤል አብርሃም ፕሬዚዳንትነትና በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊነት ትመራ ነበር። ከአውሮፓ የሚመጣው ገንዘብ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለውኃ ጉድጓድ በቀላሉ ይገኛል፤ ለወንጌላውያን ደመወዝና ለጸሎት ቤት ግን አይገኝም። ለጋሾቹ የሰውን ሥጋ ከነፍሱ ለይተው አንዱን ለመርዳት ፈቀዱ፣ ሌላውን ተዉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በግንቦት ወር ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ጽሑፍ ይህን አካሄድ አልቀበልም አለች። ሰው አንድ ነው፤ ሥጋዊውንና መንፈሳዊውን ፍላጎቱን መለያየት ከምዕራባውያን አስተሳሰብ የመጣ እንጂ አፍሪካዊው የሚያውቀው አይደለም፤ ወንጌል መስበክና ሰውን ማልማት አንድ አገልግሎት ናቸው የሚል ነበር ቁም ነገሩ።

ይህ ጽሑፍ በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ለዓመታት አከራክሯል። አገር ቤት ግን ከነገረ መለኮት ተማሪዎች በቀር ብዙ ሰው አላነበበውም፤ ይህም ያሳዝናል። በወንጌላዊ ቤት አድጎ «እምነቴ ለአካሌ ምን ይለዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት መልስ ፍለጋ ባሕር ማዶ የታተሙ መጻሕፍትን ያገላብጣል። መልሱ አዲስ አበባ ላይ፣ ከወለጋ በመጡትና የመጀመሪያ ሙያቸው የሆስፒታል አገልግሎት በነበረው በቄስ ጉዲና መሪነት፣ በጠራ ቋንቋ ተጽፏል።

ቄስ ጉዲናም የጻፉትን በአካላቸው ከፈሉ። ከደርግ መንግሥት ጋር አልተስማሙም፤ ከአገር እንዲወጡ ወዳጆቻቸው ቢለምኗቸውም መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። በሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ ሰብከው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ተሠቃይተው ዓሥር ዓመት ያህል በእስር ቆዩ። የቄሱ አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ከ13 ዓመት በኋላ በ1984 ዓ.ም. በክብር ተቀበረ። ወንጌላውያን ስለ አጽምና ስለ መቃብር ብዙ አያወሩም ይባላል፤ በዚያ ቀን የተሰበሰበው ሕዝብ ግን የቀብርን ዋጋ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነበር።

በዚሁ ዘመን የቀሩት ወንጌላውያን ሌላ ነገር ተማሩ፤ ያለ ድምፅ ማምለክ። በጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አዳራሾች ታሸጉ፣ ንብረትዋ ተወረሰ፣ መሪዎችዋ ታስረው አንዳንዶቹ ከአራት ዓመት በላይ ቆዩ። ከዚያ በፊት የሙሉ ወንጌል አዳራሾች ተዘግተዋል። አማኞች በየቤቱ፣ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ፣ አንድ በአንድ እየገቡና እየወጡ ይገናኙ ጀመር። ቡና ይቀርባል፤ ድንገት በር ቢንኳኳ ቡና ጠጪዎች ናቸው። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ጭብጨባ የለም፣ እልልታ የለም። ከሰባት ዓመት እስር ያላነሰ የቀመሰው ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮች በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወሩ ነበር። በተዘጋችበት ጊዜ አምስት ሺህ ያህል አባላት የነበሯት መሠረተ ክርስቶስ በ1983 ዓ.ም. አደባባይ ስትወጣ 34 ሺህ ሆና ተገኘች።

1983 ለመርካቶም የመክፈቻ ዓመት ነው። ደርግ አንቆት የነበረው የግል ንግድ ተለቀቀ፤ ነጋዴው ፓስፖርት አውጥቶ ወደ ዱባይ በረረ፣ ልብስና ጨርቅ፣ የቤት ዕቃና ኤሌክትሮኒክስ ጭኖ ተመለሰ። ዱባይ ተራ ስሙን ያገኘው ከዚህ ዕቃ ነው። የሹክሹክታው ትውልድም በእነዚያው ዓመታት አዳራሽ ተከራየ፣ ድንኳን ተከለ፣ ስታዲየም ሞላ። ማይክሮፎኑ፣ ድምፅ ማጉያው፣ ኪቦርዱ፣ የመዘምራኑ ዩኒፎርም የተሰፋበት አብረቅራቂ ጨርቅ፣ አብዛኛው በዚህ ገበያ በኩል አልፎ የመጣ ነው። በ1987ቱ ሕዝብ ቆጠራ ከሕዝቡ 10 በመቶ ያህል የነበሩት ወንጌላውያን በ1999ኙ 18.6 በመቶ፣ ማለትም ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆኑ።

ድምፁ ሲከፈት ትከሻውም ተፈታ። የቀደመው ትውልድ ጊታርና አኮርዲዮን ይዞ ቀጥ ብሎ የሚዘምር ነበር፤ ማጨብጨብ ራሱ በአንዳንድ አጥቢያ ያስወቅስ ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ የወላይታ፣ የኦሮሞ፣ የሲዳማ፣ የጎንደርና የትግራይ ዜማ ከነእንቅስቃሴው መድረክ ላይ ወጣ። እስክስታ በአምልኮ ታየ። ሽማግሌዎች «ይህ የጭፈራ ቤት ነው» አሉ፤ ወጣቶች ዳዊት በታቦቱ ፊት መዝለሉን ጠቀሱ። ኦርቶዶክሳውያን ተቺዎችም «ጨፋሪዎች» ማለታቸውን አልተዉም፤ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው ዝማሜ፣ ከበሮና ጸናጽል፣ የካህናቱ ሽብሸባ በራሳቸው ቤት ለዘመናት የኖረ የአካል ምስጋና መሆኑን ግን በዚያ ክርክር ላይ ያነሣ አልነበረም። ሁለቱም ወገን ከአንድ አገር ትከሻ የወጣ ነገር ላይ ነበር የሚሟገቱት።

የዱባይ ተራ ዕቃ የሚመጣባት ከተማ ዱባይም የዚህ ታሪክ አካል ሆናለች። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት ከሄዱት እህቶች ብዙዎቹ ለቪዛ ሲሉ ስማቸውን ወደ ሙስሊም ስም ቀይረዋል፤ ኦርቶዶክሶቹ ማዕተባቸውን ፈትተው ሻንጣ ውስጥ ከተዋል። የሚፈታ ክር ያልነበራት ወንጌላዊት እህት ከዚህ አንዱ ቀለለላት። ሌላው ግን እኩል ነው፤ የቤት ሥራ የሚያደክመውና የሚያቆስለው የሁለቱንም ሰውነት ነው፤ አንዳንዴ የሚደፈረውም የሁለቱም ነው። ዱባይ ላይ የኢትዮጵያውያን ጉባኤ ለረጅም ዘመን የሚሰበሰበው የአገሩ የዕረፍት ቀን በነበረው ዓርብ ነበር። በኦርቶዶክሱ የጾም ቀን፣ በሙስሊሙ የጁምዓ ቀን፣ ፈቃድ ያገኙት ሴቶች በአንድ ግቢ ተገናኝተው እስኪመሽ ይዘምሩ፣ ይበሉ፣ አንዳቸው የሌላቸውን ፀጉር ይሠሩ ነበር።

አሁን በወንጌላዊ ቤት ያደገው ትውልድ በሦስት አቅጣጫ ሲሄድ ይታያል። አንዳንዱ ጉልበቱ የሚያርፍበት፣ ዓመቱ በጾምና በበዓል የሚከፈልበት ሥርዓት ፈልጎ አያቶቹ ወደፈቱት ማዕተብ ይመለሳል። አንዳንዱ በአጥቢያው ቆይቶ ከጎረቤቱ ጋር ዐቢይ ጾምን መጾም፣ በስቅለት ቀን መስገድ፣ በራስ ቃል ከሚጸለይ ጸሎት ይልቅ በሥርዓት የተጻፈ ጸሎት ማንበብ ይሞክራል። ሌላው እምነቱን በክሊኒክ፣ በወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ፣ በሱስ ማገገሚያ ቤት ውስጥ በእጁ ይሠራዋል፤ የ1964ቱን ደብዳቤ ባያነብም መንገዱ የዚያው ነው።

በየአጥቢያው የሽማግሌዎች ጉባኤ ዛሬ የሚቀርቡት ጉዳዮችም በአብዛኛው አካልን የሚነኩ ናቸው፦ መዘምራን ሱሪ ይልበሱ ወይስ አይልበሱ፣ መድረክ ላይ ምን ያህል ይወዛወዙ፣ በፈውስ ስም መድኃኒት የሚያስጥል አገልጋይ ምን ይደረግ፣ ለመቃብር ቦታ ከወረዳው ጋር ማን ይነጋገር። ውሳኔውን የሚሰጡት በደርግ ዘመን ቡና አቅርበው በሹክሹክታ ሲዘምሩ የነበሩት ወጣቶች ናቸው፤ ፀጉራቸው ሸብቷል። ጥያቄውን የሚያነሡት ልጆቻቸው ናቸው።